የጎላ ድምፅ ወይስ የጠራ ድምፅ?

ከጅማ መሐል ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው በጅሬን ኮረብታ ላይ የቆመ ሰው ከተማዋን በዓይኑ ከማየቱ ጋር በጆሮውም ይቀበላታል። ከሂርማታ ገበያ የሚነሣው የነጋዴ ጥሪ፣ የባጃጁ ሞተር፣ የወፍጮው ጓጓታ፣ በየሱቁ ደጃፍ የተደረደሩት የድምፅ ማጉያዎች ሽቅድድም ሁሉ ባንድነት ተደባልቆ ሽቅብ ይወጣል። ከዚያ ሁሉ ዘፈን መሐል ግን እስከ ኮረብታው አናት የሚደርስ ግጥም የለም፤ ዜማውም ተለይቶ አይታወቅም። የሚደርሰው ድም፣ ድም የሚለው የባሱ ምት ብቻ ነው። ዘፋኙ ማን እንደሆነ፣ ምን እንዳለ፣ ስለ ምን እንዳዘነ ወይም እንደተደሰተ ከኮረብታው ላይ የሚያውቅ ሰው አይገኝም።

በሂርማታ መርካቶ ሞባይል በሚጠገንባቸውና ዘፈን በሚጫንባቸው ጠባብ ሱቆች አዘውትረው ከሚሰሙት ጥያቄዎች አንዱ፣ «የዚህ ዕቃ ድምፅ አነሰኝ፤ እንዴት ይጨመርልኝ?» የሚለው ነው። ጠያቂው አንዳንዴ ባጃጅ ነጂ ነው፤ አንዳንዴ ተማሪ ነው፤ በመኸሩ ወራት ደግሞ ከሊሙና ከጎማ፣ ከጌራና ከአጋሮ ዙሪያ ለገበያ የወረደ ቡና ለቃሚ ነው። የሚያገኘውም መልስ ያው የተለመደው ነው። ስልኩን ከልኩ አሳልፎ የሚያስጮኽ ፕሮግራም ይጫንለታል፤ የባሱ መጠን እስከ ጥግ ይገፋለታል፤ ይህም ካልበቃ «ትልቅ ስፒከር ግዛ» ይባላል። ጠያቂው የጠየቀውን አግኝቶ፣ የፈለገውን ግን ሳያገኝ ይመለሳል።

የክርክሩ መነሻ እዚህ ላይ ነው። የወጣቱ ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ የሚሰጠው መልስ ግን የተሳሳተ ነው። ወጣቱ የሚሻው ሙዚቃው እንዲቀርበው፣ ግጥሙ እንዲለይለት፣ ከበሮው ደረቱን እንዲነካው ሲሆን በምትኩ የሚቀበለው ጩኸት ነው። በጎላ ድምፅና በጠራ ድምፅ መካከል ያለውን ልዩነት ያላስተማረ መምህር፣ ልዩነቱን ያልጠበቀ የኪነት ሰው፣ ለልዩነቱም ደንታ የሌለው የአስተዳደር ሠራተኛ ሦስቱም ከዚህ ጥፋት ተጠያቂነት አያመልጡም።

ጥያቄው አዲስ አይደለም

ተንቀሳቃሽ የሙዚቃ መሣሪያ ከባሕር ማዶ የመጣ ነገር ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ክራርንና ማሲንቆን ይመልከት። ሁለቱም ከባለቤታቸው ጋር በትከሻ እየተጓዙ ሰርግ ቤት የሚገቡ፣ በየመንገዱ የሚያርፉ መሣሪያዎች ናቸው። የማሲንቆው የፈረስ ጭራ ብቻውን ቢገዘገዝ ድምፁ ከተቀመጠው ሰው ጉልበት አያልፍም። ስለሆነም የጥንቱ የእጅ ባለሙያ እንጨት ጠርቦ፣ ሆዱን ባዶ አድርጎ፣ ቆዳ ወጥሮ ለዚያ ቀጭን ድምፅ ማስተጋቢያ ሠራለት። ባለሙያው ከሌላ ቦታ ያመጣው ጉልበት አልነበረም። የተጫዋቹ ክንድ ያፈለቀው ጉልበት በከንቱ እንዳይባክን አደረገ እንጂ። ድምፅን የማጉላት ጥበብ መሠረቱ ይህ ነው፤ ይህንንም የአገራችን ባለሙያ ያውቀው ነበር።

የሆላንዱ ኩባንያ ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ካሴትን ለዓለም ካስተዋወቀ በኋላ፣ በአገራችን በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ዓ.ም. ካሴት የሸክላን ቦታ ወረሰ። መብራት ያልገባበት የቡና ገጠር ሁሉ ሙዚቃን ያገኘው በዚህ ዘመን በድንጋይ በሚሠራው ቴፕ ነው። ያን ጊዜም ጥያቄው ያው ነበር። ድንጋዩ ሲደክም ካሴቱ ይጎተታል፤ የዘፋኙም ድምፅ እየወፈረ ይሄዳል። ባለቤቱ ድንጋዩን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ ጥቂት ነፍስ ሲዘራ መልሶ ይከተዋል። ካሴቱ ከቅጂ የተቀዳ፣ ያም ቅጂ ከሌላ ቅጂ የተቀዳ በመሆኑ፣ በየቅጂው እሽታው እየበዛ ዘፈኑ እየደበዘዘ ይመጣል። አድማጩም የደበዘዘውን ለማግኘት ቁልፉን እስከ መጨረሻው ያዞራል፤ ከዘፈኑ ጋር እሽታውም እኩል ይጎላል።

በዚያን ዘመን ሥራውን የሚያውቅ ጠጋኝ «ድምፁ አነሰኝ» የሚል ደንበኛ ሲመጣበት የማጉያውን ቁልፍ አይነካም ነበር። በአልኮል የራሰ ጥጥ አንሥቶ የቴፑን ጭንቅላት ይጠርጋል። ከካሴቱ እየተራገፈ በጭንቅላቱ ላይ የሚጋገረው ቡናማ ዱቄት በመጀመሪያ የሚሰርቀው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው፤ የቃላቱን ጥርስ፣ የክራሩን ጥፍር፣ የጸናጽሉን ጫፍ። ጥጡ ጠቁሮ ሲወጣ ዘፈኑ ድንገት የቀረበ ይመስላል። ደንበኛውም «ጨመረልኝ» ብሎ ደስ ብሎት ይሄዳል። የጨመረ ነገር ግን አልነበረም፤ የተሸፈነው ተገለጠ። የዛሬው ጠጋኝ ከዚያ ጥጥ የሚማረው ብዙ ነገር አለ።

ሌላም መታወስ ያለበት ነገር አለ። የጃፓኑ ሶኒ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1979 የመጀመሪያውን ዎክማን ለገበያ ሲያቀርብ መሣሪያው ሁለት የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያዎች ነበሩት፤ ሁለት ሰዎች አብረው እንዲያዳምጡ ታስቦ ነው። ከዚህም በላይ አንዲት ብርቱካናማ ቁልፍ ነበረችው። ቁልፏን ሲጫኗት ሙዚቃው ዝቅ ይልና በመሣሪያው ውስጥ ባለው ማይክሮፎን አማካይነት ሁለቱ አድማጮች ማዳመጫቸውን ሳያወልቁ ይነጋገራሉ። ከዚያ በኋላ በመጡት ሞዴሎች ሁለተኛው መሰኪያም ቁልፏም ቀሩ። የሰውን ንግግር ለመስማት ሲባል ሙዚቃን ዝቅ የምታደርግ ቁልፍ ገበያው አላስፈለገችውም። ከዚያ ወዲህ የተሠራው ታሪክ በአመዛኙ የመጨመሪያው ቁልፍ ታሪክ ነው።

ድምፁን የሚሰርቁት እነማን ናቸው?

የዛሬውን ስልክ ይዞ «ድምፅ አነሰኝ» የሚለውን ሰው ከመውቀስ በፊት ድምፁን የሰረቁትን ሌቦች አንድ በአንድ መቁጠር ይገባል።

አንደኛው ሌባ ቆሻሻ ነው። የስልኩ ድምፅ መውጫ ወንፊት በአቧራ፣ የጆሮ ማዳመጫው አፍ በጆሮ ኩክ ሲደፈን ድምፁ እንደ ታፈነ ሰው ይሆናል። መድኃኒቱ ለስላሳ ደረቅ ብሩሽና ትዕግሥት ነው። ብዙ ወጣት ግን ይህን የሚነግረው ሰው አጥቶ አዲስ ዕቃ ይገዛል።

ሁለተኛው ሌባ የአካባቢው ጫጫታ ነው። ጆሮ ሙዚቃን የሚመዝነው በዙሪያው ካለው ድምፅ ጋር እያነጻጸረ ነው። እሸት ቡና በሚፈለፈልበት ጣቢያ፣ ማሽኑ እየጮኸ ጄነሬተሩ እያጓራ፣ ከማድረቂያው አልጋ ዳር ቆማ ቡና የምትለቅም ሠራተኛ ስልኳን እስከ ጥግ ብትከፍተው ሊያስደንቅ አይገባም። ማሽኑ ሲቆም ግን ያ ድምፅ ጆሮ የሚበጥስ ሆኖ ይገኛል። ጆሮን በልኩ የሚገጥም ማዳመጫ የውጭውን ጫጫታ ስለሚያስቀር መጠኑ ዝቅ ብሎም ሙዚቃው ይሰማል። በመኪና መንገድና በሚሽከረከር ማሽን አጠገብ ግን ጆሮን መድፈን ራሱ አደጋ ስለሆነ፣ እዚያ ሙዚቃው ለዕረፍት ሰዓት መቆየት ይኖርበታል።

ሦስተኛው ሌባ የባስ ስግብግብነት ነው። ወፍራም ድምፅ ለመፍጠር ብዙ አየር ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል፤ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ስፒከር ይህን ማድረግ አትችልም። ባሱ ሲገፋባት ያላትን አቅም ሁሉ እዚያ ላይ ታፈሳለች፤ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል፤ ድምፁ ይሻክራል፤ የዘፋኙ ቃልም በሻካራው ውስጥ ይቀበራል። ባሱን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ብቻውን የዘፋኙን ድምፅ ከመቃብር ያወጣዋል።

አራተኛው ሌባ አቀማመጥ ነው። በኪስ የተከተተ፣ በፎጣ ላይ የተጋደመ ስልክ ድምፁን ለጨርቅ ይመግባል። ያው ስልክ በቅል ወይም በሸክላ ዕቃ ውስጥ አፉን ወደ አድማጩ አድርጎ ሲቆም፣ ወይም በሁለት ግድግዳ መጋጠሚያ ጥግ ላይ ሲቀመጥ፣ ድምፁ በጉልህ ከፍ ይላል። ይህ የክራር ሠሪው ጥበብ ነው።

አምስተኛውና ዋናው ሌባ ቀረጻው ነው፤ እርሱም ለብቻው ክስ ስለሚገባው ወደ ኋላ ይመለሳል።

በእነዚህ ሌቦች ላይ ሳይዘምቱ በጉልበት ብቻ ድምፅ ለመጨመር የሚሞክሩ ሰዎች የማያውቁት ሒሳብ አለ። የድምፅ መለኪያ የሆነው ዴሲቤል እንደ ኪሎና እንደ ሜትር በእኩል አይራመድም። 10 ዴሲቤል ለመጨመር የኃይሉን መጠን 10 እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ጆሮ ግን ይህን ሁሉ የሚቀበለው እጥፍ ያህል እንደጎላ አድርጎ ብቻ ነው። 10 ዋት ይዞ የሚጮኸውን ጎረቤቱን በእጥፍ ልብለጥ ያለ ባለ ሱቅ 100 ዋት ያስፈልገዋል፤ ጎረቤቱም በተራው ልብለጥ ቢል 1000 ዋት ሊከፍል ነው። ሁለቱም ይከስራሉ፤ መንገዱ ይደነቁራል፤ ገዢውም ዋጋ ለመጠየቅ ሲል ከሱቁ ይርቃል።

የቀራጮች ጥፋት

የኪነት ሰዎች ይህን ክፍል በትዕግሥት ማንበብ ይገባቸዋል፤ ነገሩ እነርሱን ይመለከታልና።

በየትም አገር ቢሆን የሕያው ሙዚቃ ሕይወት ያለው በመውጣትና በመውረድ ነው። ዘፋኙ ዝቅ ሲል አድማጩ ወደ እርሱ ዘንበል ይላል፤ ከፍ ሲል አድማጩ ቀና ይላል። ይህን መውጣትና መውረድ የሚገድል አሠራር በዓለም የሙዚቃ ንግድ ውስጥ በተለይ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ተስፋፋ። በኮምፕሬሰር አማካይነት ዝቅ ያለው ሁሉ ይነሣል፤ ከፍ ያለው ሁሉ ይደፈጠጣል፤ ዘፈኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ጣሪያ ሥር ተጨናንቆ ይጮኻል። ዓላማው ግልጽ ነበር፤ በሬዲዮም ሆነ በሲዲ የእኔ ዘፈን ከጎረቤቴ ዘፈን ይጉላ ማለት ነው። ሜታሊካ የተባለው የአሜሪካ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው አልበም በዚህ አሠራር ከመጠን በላይ በመጨፍለቁ የቡድኑ አፍቃሪዎች ራሳቸው ፊርማ አሰባስበው አልበሙ እንደገና እንዲሠራ እስከ መጠየቅ ደረሱ።

ዛሬ ይህ ሽቅድድም ትርጉም አጥቷል። ዩቲዩብና ስፖቲፋይን የመሳሰሉ የሙዚቃ ማሰራጫዎች ከሌሎች በላይ የሚጮኸውን ዘፈን ለክተው በራሳቸው ዝቅ ያደርጉታል። ስለዚህ ሕይወቱን ሸጦ ጩኸት የገዛ ዘፈን ጩኸቱን በመንገድ ላይ ተቀምቶ፣ የተሸጠውን ሕይወት ሳያስመልስ ወደ አድማጩ ይደርሳል። ዝቅና ከፍ ያለበት፣ ትንፋሽ ያለው ዘፈን ግን እንደ ተሠራ ይደርሳል። ይህ እየታወቀ አሁንም በየስቱዲዮው «ይጩህ፣ ይጩህ» የሚል ሙያተኛ መኖሩ ከልማድ በቀር ምክንያት የለውም።

ለዚህ ነገር ጅማ የራሷ ምስክር አላት። የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባሉት ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1943 የተወለዱት በዚህች ከተማ ነው። የእርሳቸው መሣሪያ ቫይብራፎን ነው። በዚህ መሣሪያ ላይ ከእያንዳንዱ የብረት ዘንግ ሥር ለዘንጉ ድምፅ በልክ የተቆረጠ ቱቦ ይንጠለጠላል፤ ዘንጉ ሲመታ ቱቦው ያስተጋባለታል፤ በቱቦዎቹ አፍ ላይ በሞተር የሚሽከረከሩት ክዳኖች ደግሞ ድምፁን ያወዛውዙታል። የቫይብራፎን ውበት ያለው ከምቱ በኋላ ነው፤ ድምፁ እየተወዛወዘ፣ እየሳሳ፣ ወደ ዝምታ በሚሄድበት ጉዞ። ያን ጉዞ በኮምፕሬሰር ጨፍልቆ ጅራቱን ከራሱ ጋር እኩል ያደረገ ቀራጭ፣ ወይም በተሰነጠቀ ስፒከር እስከ ጥግ ከፍቶ የሚያሰማ ባለ ሻይ ቤት፣ ሙላቱን ለአድማጭ አላሰማም፤ ስማቸውን ብቻ ጠራ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው

አበው ይህን ምሳሌ የተናገሩት ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን ከሁሉ በኋላ ስለሚሰማ ነው። ዛሬ ግን ምሳሌው ሌላ ትርጉም ጨምሯል። ጆሮ ሲሞት ለባለቤቱ አይነግረውም።

በውስጠኛው ጆሮ ድምፅን ወደ አንጎል የሚያስተላልፉ ጸጉር መሰል ሕዋሳት አሉ፤ ሰው ሲወለድ በያንዳንዱ ጆሮ ያሉት 15 ሺህ ያህል ብቻ ናቸው። ከሞቱ አይተኩም። የጥርስ ሕመም ሰውን ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰዋል፤ እነዚህ ሕዋሳት ግን ያለ ሕመም ይረግፋሉ። በመጀመሪያ የሚጠፋው የቀጫጭን ድምፆች መስማት ነው። ተማሪው የመምህሩን ድምፅ ይሰማል፤ ቃሉ ግን አይለይለትም። «ሰነፍ» ይባላል። ሙዚቃውም ይደበዝዝበታል፤ ስለዚህ መጠኑን ይጨምራል፤ በጨመረ ቁጥር ይብስበታል። «ድምፅ አነሰኝ» የሚለው ጥያቄ አንዳንድ ጊዜ ከስልኩ ሳይሆን ከጆሮው የሚመጣ የመጀመሪያ ደውል ሊሆን እንደሚችል ያስተዋሉ ጥቂቶች ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ1 ቢሊዮን በላይ ወጣቶች በዚህ ምክንያት ለመስማት ችግር የመጋለጥ ሥጋት እንዳለባቸው ይገልጻል። ድርጅቱ ከዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጋር ባወጣው መመዘኛ መሠረት ለአዋቂ ሰው የሳምንት ልኩ በ80 ዴሲቤል 40 ሰዓት ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ በ83 ዴሲቤል 20 ሰዓት፣ በ86 ደግሞ 10 ሰዓት ይሆናል። በ100 ዴሲቤል የሳምንቱ ድርሻ በሙሉ በ20 ደቂቃ ያልቃል። ከጅማ እስከ አጋሮ የሚሄድ ተሳፋሪ ማዳመጫውን እስከ ጥግ ከፍቶ ቢጓዝ የሳምንቱን ራት በአንድ ጉርሻ ጨረሰ ማለት ነው።

ሌሎች አገሮች ነገሩን በቸልታ አላለፉትም። ፈረንሳይ ለተንቀሳቃሽ የሙዚቃ መሣሪያዎች የ100 ዴሲቤል ጣሪያ በሕግ በመወሰኗ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ታዋቂው አይፖድ ከዚህ ልክ በማለፉ መሣሪያው እስኪስተካከል ድረስ ሽያጩ ተቋርጦ ነበር። በአውሮፓ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መሣሪያው በ85 ዴሲቤል ላይ ቆሞ ባለቤቱ አደጋውን ማወቁን ካላረጋገጠ በቀር እንዳያልፍ ተደርጓል። የእኛ ወጣት ስልክ ላይም «ከዚህ በላይ ለጆሮ አደገኛ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ብቅ የሚለው ከዚህ የተነሣ ነው። ማስጠንቀቂያው ግን በባዕድ ቋንቋ ሊመጣ ይችላል፤ ወጣቱም ሳያነበው «እሺ» ብሎ ያልፈዋል።

ለተቃዋሚዎች መልስ

በዚህ ክርክር ላይ ሦስት ዓይነት ተቃውሞዎች ይነሣሉ።

የመጀመሪያዎቹ «ሙዚቃ ካልጮኸ ሕዝብ አይሰበሰብም» ይላሉ። ለዚህ መልሱ ከጅሬን ኮረብታ ላይ ተሰጥቷል። ሁሉም በጮኸበት ገበያ ማንም አልተሰማም፤ ወደ ላይ የወጣው የባሱ ድምድምታ ብቻ ነው። ባዶ በርሜል ይጮኻል፤ ሰው ግን ውኃ ሊቀዳ ወደ ጩኸቱ አይሄድም።

ሁለተኛዎቹ «ይህ የወጣቱ ብልግና ነው፤ ይከልከል፤ ዕቃውም ይወረስ» የሚሉ ናቸው። እነዚህ ሰዎች የተሰበሰቡበትን አዳራሽ ዞር ብለው ቢያዩ መልካም ነበር። 30 ሰው በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ ለ1000 ሰው የሚበቃ ማጉያ ተተክሎ፣ ማይክሮፎኑ በየደቂቃው እያፏጨ፣ ተናጋሪው አፉን አስጠግቶ ሲጮኽ፣ ተሰብሳቢው ጆሮውን ይዞ ሲታገሥ የማን ብልግና ሊባል ነው? የሰርጉን ድንኳን ለሦስት ቀን የሚያስጮኹት የሙሽራው አባት አይደሉምን? ወጣቱ ጩኸትን የፈጠረው አይደለም፤ ወርሶታል። ከታላላቆቹ ያየውን በኪሱ ይዞ ዞረ። ያልተማረውን ነገር በቅጣት ማስተማር ከቶ አይቻልም።

ሦስተኛዎቹ ደግሞ «የድምፅ ጥራት የባለጸጋ አገር ጉዳይ ነው፤ ለእኛ የተገኘው ይበቃል» በማለት ነገሩን ያቃልላሉ። ሒሳባቸው የተገለበጠ ነው። ጥጥ፣ ብሩሽ፣ ቅል፣ የባሱን ቁልፍ በትንሹ ማዞር፣ የጎረቤትን ስፒከር ዝቅ ማስደረግ ሁሉም ከሳንቲም የማይበልጡ ናቸው። ውድ የሆነው ጩኸት ነው። በየጥቂት ወሩ የሚቃጠለው ስፒከር ውድ ነው፤ የመስሚያ መሣሪያ ደግሞ ከዚያ ይልቅ ውድ ነው፤ የደነቆረ ጆሮ ግን ዋጋ አይወጣለትም። ለድሃ አገር የሚያዋጣው የጠራ ድምፅ ነው።

ጅሬን የምታስተምረው

የጅማ ሕዝብ ማዳመጥን ከውጭ አይማርም። በዚህ አገር ቡና የምትቆላ እናት ብረት ምጣዱን እያወዛወዘች ዓይኗን ብቻ አታምንም፤ ቡናው መንጣጣት የሚጀምርበትን ቅጽበት በጆሮዋ ትጠብቃለች። ያችን ትንሽ ድምፅ ያሳለፈች ቆይ የከሰለ ቡና ታቀርባለች። ሙቀጫውም የራሱ ቋንቋ አለው፤ ቡናው እየደቀቀ ሲሄድ የዘነዘናው ምት ከደረቅ ወደ ልዝብ ይለወጣል። ይህን ሁሉ ልጆች ሳያውቁት የሚማሩት በቤት ውስጥ ነበር። ቤቱ በስፒከር ጩኸት ሲሞላ መጀመሪያ የሚቋረጠው ይህ ትምህርት ነው።

ጅማና አካባቢዋ የሚታወቁበት መንዙማም ሌላ ትምህርት ይሰጣል። መሪው ብቻውን በለሆሳስ ይጀምራል፤ ድቤው ይከተለዋል፤ ተቀባዮቹ በአንድ ቃል ያነሡታል፤ እንደገናም መሪው ብቻውን ይቀራል። በዚህ ዜማ ውስጥ ታላቁ ድምፅ ታላቅ የሚሆነው ከእርሱ በፊት ትንሹ ድምፅ ስለተሰማ ነው። ጉልበቱ የሚመጣው ከብዙ ጉሮሮና ከአንድ ስምምነት ነው፤ ማንም ሰው የጎረቤቱን ድምፅ ለመሸፈን አይሽቀዳደምም።

ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን ሲገዙ የተቀመጡበት የጅሬን ቤተ መንግሥት ዛሬም በኮረብታው ላይ ቆሟል። ማይክሮፎን በሌለበት በዚያ ዘመን በዚህ ግቢ ውስጥ ለብዙ ሰው የሚናገር ሁሉ ከመናገሩ በፊት ዝምታን ማግኘት ነበረበት። ያ ዝምታ የድምፁ ግማሽ ነበር። ዛሬ ይህ ግማሽ ተረስቶ ሌላው ግማሽ ብቻ በእጥፍ እንዲጮኽ ይፈለጋል።

ምን ይደረግ?

መምህራን ከሁሉ የቀደመ ድርሻ አላቸው። ስለ ድምፅ ሞገድ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚሰጠው ትምህርት ወደ ተማሪው ስልክ ይውረድ። አንድ ቅልና አንድ ስልክ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃሉ። ተማሪው ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ ይስማ፤ ከዚያም በቅሉ ውስጥ አቁሞ ይስማ፤ ልዩነቱንም በራሱ አንደበት ያስረዳ። አንድ ቀላል መለኪያም ይማር፤ በክንድ ርቀት ላለ ሰው ለመናገር መጮኽ ካስፈለገ አካባቢው ለጆሮ የሚከብድ ጫጫታ አለበት ማለት ነው። በመጨረሻው ወንበር ተቀምጦ «ምን አሉ?» እያለ የሚጠይቀውንም ልጅ ሰነፍ ከማለት በፊት ጆሮው ይመርመር።

የኪነት ሰዎች ሥራቸውን ከስቱዲዮው ትልቅ ስፒከር አውጥተው በርካሽ ስልክ፣ ያውም መጠኑን ዝቅ አድርገው ይፈትኑት። በዝቅተኛ መጠን ግጥሙ ከተሰማ ዘፈኑ በሚገባ ተቀርጿል፤ ካልተሰማ የአድማጩ ቁልፍ አያድነውም። ለቀራጩ «አስጩኸው» ከማለት «አጥራው» ማለትን ይልመዱ። የባህል ማኅበራትም ለዘፋኝና ለተውኔት ጸሐፊ ከሚሰጡት ሽልማት ለጥሩ ቀራጭ አንዱን ይቁረሱለት። በሂርማታ ጠባብ ሱቆች የተቀመጡት ጠጋኞች ለአካባቢው ወጣት ከማንም ባለሥልጣን ይልቅ የቀረቡ የድምፅ አስተማሪዎች በመሆናቸው፣ ለእነርሱ የሚሰጥ አጭር ሥልጠና ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል።

ካድሬዎች ደግሞ አዲስ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅንም ብክለት ብሎ ይቆጥረዋል፤ በአገራችን የወጣው መመዘኛም ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ልክ አድርጎ አስቀምጧል። ይህን ልክ በመናኸሪያውና በትምህርት ቤቱ ዙሪያ፣ በሆስፒታሉም አጥር ሥር ማስከበር ይቻላል። ሥራው ግን ከራስ አዳራሽ መጀመር አለበት። የስብሰባው ማጉያ በልክ የተስተካከለለት አስተዳደር ባለ ባጃጁን «ዝቅ አድርግ» ለማለት አንደበት ያገኛል፤ ያልተስተካከለለት ግን ሲናገር ራሱ ማይክሮፎኑ ያፏጭበታል።

ይህ ሁሉ ሲደረግ ያ ወጣት እንደገና ወደ ጠጋኙ ሱቅ ይመጣል፤ «ድምፁ አነሰኝ» ይላል። ጠጋኙም ፕሮግራም ከመጫኑ በፊት ብሩሹን ያነሣል፤ ወንፊቱን ይጠርጋል፤ ባሱን ጥቂት ይመልሳል፤ ከደጃፉም ላይ የሚጮኸውን የራሱን ስፒከር ለአፍታ ይዘጋል። ከዚያም «እስቲ አሁን ስማው» ይለዋል። በዚያች አፍታ ዝምታ ውስጥ ከስልኩ የሚወጣው ዘፈን ከስንኝ እስከ ስንኝ ይሰማል። ወጣቱ የጠየቀው ይህንኑ ነበር።